በረሃ ከተማ ለገባችሁ፦ ዝናብ ሲመጣ እንዳያመልጣችሁ

ላስ ቬጋስ በገባሁ በአምስተኛው ወር ነው የመጀመሪያውን ዝናብ ያየሁት። ታክሲዬን ይዤ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነበር። የፊት መስታወቱ ላይ አንድ ትልቅ ጠብታ ጠብ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አስር ያህል። ሞተር አጥፍቼ፣ ስልኬን ወንበሩ ላይ ጥዬ፣ በሩን ከፍቼ ስወርድ አባርቷል። አስፋልቱ ላይ የወደቁት ጠብታዎች ዓይኔ እያየ ደረቁ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። ተራው ወደፊት ሄዷል።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። እዚያ ጠዋት ነው፣ ያውም የሐምሌ ጠዋት። ሽሮ ሜዳ ያለው የቤታችን ቆርቆሮ ላይ ዶፍ እየወረደ ስለነበር የምትለው አልሰማ አለኝ። "ሲያባራ መልሰህ ደውል!" ብላ ጮኸች። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እሷ እስኪያባራ ትጠብቃለች፣ እኔ እስኪጥል።

ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ክረምት አልፏል። ዝናብ ሲመጣ እንዳያመልጠኝ፣ ከመጣም ደህና አድርጌ እንድቀበለው ቀስ በቀስ የለመድኳቸው ነገሮች አሉ። ለአዲስ ገቢዎች ይጠቅማል ብዬ ልጽፈው ወደድኩ። የምነግራችሁ ዝርዝር የቬጋስ ነው። ፊኒክስ ወይም ዱባይ ያላችሁ ደግሞ በአገራችሁ ልክ አስተካክሉት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የአገሩን ልክ እወቁ

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ላስ ቬጋስ በአማካይ 106 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚደርሳት። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ወር ብቻ የሚወርደው፣ ቬጋስ በሁለት ዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ይህን ሳላውቅ በፊት ዝናቡ የዘገየ ይመስለኝ ነበር። "ዘንድሮ ምን ነክቶት ነው?" እላለሁ። ምንም አልነካውም። ልኩ ይኸው ነው።

ምክንያቱን ማወቅም ልብ ያሳርፋል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ወደኛ ከመድረሱ በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴራ ኔቫዳ የሚባለውን የተራራ ሰንሰለት መሻገር አለበት። ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ውሃውን እዚያው ይጥላል። ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ ደረቅና ሞቃት ሆኗል። የኛ ሞሃቪ በረሃ ያለው በተራራው ጀርባ ነው።

ድርቀቱን ቀድሞ የሚነግራችሁ እንጀራው ነው። መሶቡን ከፍታችሁ ቡና እስክታፈሉ ጠርዙ ይሰባበራል። ከንፈር ይሰነጠቃል። ሌሊት ጋቢ ስትገፉ ጨለማ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይላል። ልብስ አጥባችሁ ብታሰጡ፣ የመጨረሻውን ሳትሰቅሉ የመጀመሪያው ደርቋል። ይህን ሁሉ ልብ ብላችሁ ያዙት። ዝናብ ሲቃረብ የሚለወጡት እነዚሁ ናቸው።

በ2020 ከሚያዝያ እስከ ታኅሣሥ 240 ቀን ሙሉ የሚለካ ዝናብ አልጣለም። ከተማዋ መዝገብ ከያዘች ወዲህ እንዲህ ያለ ረጅም ደረቅ ጊዜ አልታየም። ዓመቱ ለሁላችንም ከባድ ነበር። የካዚኖዎቹ ዋና ጎዳና ስትሪፑ ተዘግቶ፣ ታክሲ ቆሞ፣ ቤት ውለን ነው የምናድረው። ጠዋት መጋረጃ ስከፍት ያው ሰማያዊ ሰማይ ይጠብቀኛል። አዲስ አበባ እያለሁ እንዲህ ያለ ሰማይ የመስከረም ደስታ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ካፊያው ሲመጣ ባለቤቴ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። በካልሲ ወጥተን በረንዳው ጠርዝ ላይ ቆምን። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

የአገር ቤቱን ዝናብ እዚህ አትፈልጉት

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ከስልኬ ላይ የተቀዳ የዝናብ ድምፅ ከፍቼ እተኛለሁ። እማዬን "እስቲ ስልኩን መስኮቱ ጋ አድርጊልኝ" እላታለሁ። ለጊዜው ደስ ይላል። ጠዋት ሲሆን ግን ናፍቆቱ ይብስብኛል። እዚህ ጥቂት ሲያካፋ ደግሞ እንቀዋለሁ። ጃንጥላ የማያስዘረጋ፣ ጭቃ የማያቦካ፣ ሰው በር ላይ የማያስጠልል ዝናብ ምኑ ዝናብ ነው እያልኩ። በዚያ ምክንያት ስንት ዝናብ እንዳለፈኝ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ ጋሼ የምንላቸው የጎንደር ሰው ናቸው። ከሁላችንም ቀድመው የመጡ፣ ታክሲ በመንዳት ያረጁ። ከምዕራብ በኩል ደመና ካዩ ከመኪናቸው ይወርዳሉ። ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ዝም ብለው ይቆማሉ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይዘንብም" አልኳቸው።

"ዘነበም አልዘነበም ደጃፌ መጥቷል" አሉኝ። "አንተ እንግዳ የምትቀበለው ቁጭ ብለህ ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ዝናብ ራሱን ለማወቅ ቆረጥኩ። ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚሸት። ለናንተም ከዚህ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። የተቀዳውን ድምፅ ለጥቂት ወር ዝጉት።

ሁለት ዓይነት ነው፤ ለይታችሁ ጠብቁት

የፈረንጆቹ ክረምት ዝናብ ከዲሴምበር እስከ ማርች ከፓስፊክ በኩል ይመጣል። ቀዝቃዛና ረጋ ያለ ነው። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ እኝኝ ሲል ይውላል። አዲስ አበባን የሚያስታውሰው ይሄ ነው። የእረፍት ቀናችሁ ላይ ከዋለ ሌላ ሥራ አትያዙ። ጋቢ ልበሱ፣ ቡና አፍሉ፣ ቆሎ ቁሉ፣ በቃ።

የፈረንጆቹ በጋ ዝናብ ግን ሌላ ነው። ሞንሱን ይሉታል። የሜትሮሎጂ ሰዎች ወቅቱን ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ያደርጉታል። በኛ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 20 መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምት የምትለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ይህን መጀመሪያ ሳሰላ በጣም ነው የገረመኝ። እዚያ ሲከርም እዚህም በረሃው ዝናቡን የሚጠብቅበት ወቅት ነው። ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤና ከሜክሲኮ በኩል እርጥበት ይዞ ይመጣል።

ምልክቱን ከታክሲ ወንበሬ ላይ ነው የተማርኩት። ጠዋት አየሩ ይከብዳል፤ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። መሶቡ ተከፍቶ ቢውል እንጀራው ቶሎ አይደርቅም። እኩለ ቀን ላይ በስተምዕራብ ቻርልስተን ተራራ ራስ ላይ እንደ ባዘቶ የነጣ ደመና መቆለል ይጀምራል። ተራራው ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ደመና እዚያ ቀድሞ ይሠራል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የደመናው ሆድ ከጠቆረ፣ ቀጥሎ አቧራ የያዘ ቀዝቃዛ ነፋስ ከመጣ፣ በሥራ ላይም ብትሆኑ ወደ መስኮት ቅረቡ። ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲህ ያለው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ደግሞ ሰፈር ይመርጣል። ሰመርሊን ዶፍ ሲወርድ ሄንደርሰን ፀሐይ ነው። የክላርክ ካውንቲ የጎርፍ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት በየቦታው የዝናብ መለኪያ ተክሏል፤ ቁጥሩን በኢንተርኔት ወዲያው ታዩታላችሁ። እኔ እረፍት በሆንኩ ቀን ይህን አይቼ ዝናቡ ወዳለበት ሰፈር ነድቼ ሄጄ አውቃለሁ። ለሃያ ደቂቃ ዝናብ አርባ ደቂቃ ነዳሁ። አልቆጨኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከደመናው ስር ግራጫ ጭራ ተንጠልጥሎ መሬት ሳይደርስ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ያ ዝናብ ነው። ዘንቧል፣ ግን ከስር ያለው አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ መንገድ ላይ ተኖ ያልቃል። መጀመሪያ ሳየው ያበሳጨኝ ነበር። አሁን ልጄን ጠርቼ አሳያታለሁ። ማታ ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ጭራው ብርቱካናማ ይሆናል። አገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሽታውን ቀድማችሁ ተማሩ

ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ከሁሉ የምወደው ስለሆነ።

አዲስ አበባ በሚያዝያ ወይም በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ አቧራው ላይ ሲያርፍ የሚነሳውን የአፈር ሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ፣ በ1964 ፔትሪኮር የሚል ስም አወጡለት። በደረቅ ጊዜ ከዕፅዋት የሚወጣ ዘይት ድንጋይና አፈር ላይ ይጠራቀማል፤ ዝናብ ሲነካው ወደ አየር ይወጣል። ከሱ ጋር ጂኦስሚን የሚባል፣ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር አለ። የሰው አፍንጫ ጂኦስሚንን እጅግ ጥቂት ብትሆንም ይለያታል።

የቬጋስ ዝናብ ሽታ ግን ከዚህ ይለያል። አንድ ቁጥቋጦ ነው የሚሠራው፤ ክሪዮሶት ይባላል። ከከተማ ወጣ እንዳላችሁ ሜዳውን ሞልቶት ታዩታላችሁ። ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ያብለጨልጫል፤ ሲነኩት ይጣበቃል። አበባው ቢጫ ነው። ውሃው እንዳይተን ቅጠሉን ሙጫ በመሰለ ነገር ይለብጠዋል። ዝናብ ሲነካው ያ ሙጫ ይሸታል፤ ነፋሱ ሽታውን ይዞ ከዝናቡ ቀድሞ ከተማ ይገባል። እዚህ ያደጉ ሰዎች "ዝናብ ሸተተኝ" ሲሉ ክሪዮሶት ሸተታቸው ማለት ነው።

መጀመሪያ ሲሸተኝ አልወደድኩትም። መድኃኒት መድኃኒት አለኝ። ከዚያ ጋሼ አንድ ዘዴ አሳዩኝ። ዝናብ በሌለበት ቀን ወደ ቁጥቋጦው ትሄዳላችሁ። አንዱን ቅርንጫፍ ሳትቆርጡ በሁለት እጃችሁ ትከልሉታላችሁ። ከአፋችሁ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ሁለት ሦስት ጊዜ እፍ ትሉበታላችሁ። ወዲያው አሽትቱ። የትንፋሹ እርጥበት ይበቃዋል። ጤና አዳም በጣት አሽቶ እንደማሽተት ነው። እኔ ለአንድ ሰሞን በየሳምንቱ ይህን አደረግኩ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመጣ አፍንጫዬ አወቀው። ከመንዳት ላይ ሆኜ መስኮት ዝቅ አድርጌ "መጣ!" አልኩ። ሰማዩን ገና አላየሁትም ነበር።

ሬድ ሮክና ሌሎች ጥብቅ ቦታዎች ውስጥ ተክል መቁረጥ ክልክል ነው፤ እንዳትቆርጡ። ችግኝ መሸጫ ቤቶች ክሪዮሶትን በማሰሮ ይሸጡታል። እኛ ግቢ አንድ ተክለናል። ከሱ ትንሽ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ሻወር ቤት ብትሰቅሉ የሙቅ ውሃው እንፋሎት ያሸተዋል። ዝናብ በጠፋበት ወር ባለቤቴ እንደዚያ ታደርጋለች። ስለ ዕድሜው ደግሞ ልንገራችሁ፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚሁ ሞሃቪ በረሃ ከአንድ ሥር እየተባዛ የኖረ ክሪዮሶት አለ፤ ዕድሜው ወደ 11,700 ዓመት ይገመታል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቁጥቋጦውን በእግሬ መርገጥ ይከብደኛል።

አንድ ቆርቆሮ ግዙ

የብዙዎቹ የቬጋስ ቤቶች ጣሪያ ሸክላ ነው፤ መስኮቱም ሁለት መስታወት። ከውጭ ዶፍ ቢወርድ አትሰሙም። ኤሲው ደግሞ ያጉረመርማል። እኛ ሁለት ዝናብ በእንቅልፍ አልፎናል።

ስለዚህ የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ቆርቆሮ ገዛሁ። ከመኝታ ቤታችን መስኮት ውጭ ባለው በረንዳ ላይ በእንጨት ደገፍ አድርጌ፣ ትንሽ አጋድሜ መታሁት። እንጨቱና ቆርቆሮው መሃል ምንም ስፖንጅ አታድርጉ፤ ድምፁን ይበላዋል። የሰፈር ማኅበር ያለበት ቤት ከሆነ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። እኔ ሳላስፈቅድ ሠርቼ ደብዳቤ መጥቶብኝ አፍርሼ ነው እንደገና የሠራሁት። አፓርትመንት ያላችሁ ደግሞ የብረት ትሪ ገልብጣችሁ በረንዳ ላይ አስቀምጡ። ይበቃል።

መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዝም። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ወረደ። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ ጣሪያው ሊወድቅ ነው ብላ እያለቀሰች መጣች። መሃላችን አስተኛኋት። "ሴት አያትሽ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው" አልኳት። አሁን ሲዘንብ እኛን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት።

ሲጥል

የያዛችሁትን አስቀምጡ። ወጥ ምድጃ ላይ ከሆነ አጥፉት። ፎቶ ማንሳት ካስፈለጋችሁ አንድ አንሱና ስልኩን አስቀምጡ። ብዙዎቻችን ዝናቡን በስልክ ስንቀርጽ ነው የሚያልቅብን። ካፊያ ከሆነ እጃችሁን ዘርግታችሁ ውጡ። ፊታችሁን ቀና አድርጉ። ፀሐይ እያለች የሚዘንብ ከሆነ ልጆቻችሁን ጥሩና "ጅብ ወለደች" በሏቸው።

መብረቅ ካለ ግን ከጣሪያ ስር ሁኑ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል። ከመዋኛ ገንዳ ወዲያው ውጡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ። በዚህ ላይ ልጆችን አላባብልም።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ይውላል፤ ሞንሱን ገና አላለቀም። ልጆች ሆነን የዚያን ቀን ዝናብ ጸበል ነው ብለን እንጠመቅበት ነበር። እማዬ ውሃውን በሳህን ተቀብላ ሊጥ ውስጥ ትጨምራለች። እኛም በየዓመቱ ግቢ ውስጥ ሳህን እናወጣለን። በብዙ ዓመት ሳህኑ እንደደረቀ ይገባል። አንድ ዓመት ግን ሲመሽ ጥቂት ጠብታ ጣለ። የሳህኑን ታች እንኳ አልሸፈነም። ባለቤቴ በጣቷ እየጠረገች የልጃችንን ግንባር ቀባቻት። ለእማዬ በስልክ ስነግራት አለቀሰች።

ጎርፉን አትድፈሩት

ዝናብ ወዳድ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ስለዚህ ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። የዚህ አገር መሬት ውሃ አይጠጣም። በብዙ ቦታ ከላዩ አፈር ስር ካሊቺ የሚሉት እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ንጣፍ አለ። ተራራ ላይ የወረደው ዝናብ ተሰብስቦ በደረቅ ቦዮች ይወርዳል። እዚህ ዋሽ ይሏቸዋል። እናንተ ጋ ሳይዘንብ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ጁላይ 8 ቀን 1999 በወረደው ዝናብ መንገዶች ወንዝ ሆነው ሰው ሞቷል። ዝናብ በሚጠበቅበት ቀን ዋሽ ውስጥ አትሂዱ፤ ልጆችም እዚያ አይጫወቱ።

የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ይወስዳል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል፤ ፒክአፕም ቢሆን። አንድ የነሐሴ ማታ መንገደኛ ይዤ ወደ ኤርፖርት ስሄድ ከፊቴ መንገዱን ቡናማ ውሃ አቋረጠው። ቆምኩ። ሰውዬው በረራ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ተቆጣ። ከጎናችን አንዲት ነጭ መኪና ገባች። መሃል ላይ ስትደርስ የኋላ ጎማዋ ተነስቶ ዞረች። ደግነቱ ጠርዙ ያዛትና ሰዎቹ በመስኮት ወጡ። መንገደኛዬ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተናገረም። ዞረን ሄድን።

የምትነዱ ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። ወራት ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና የጎማ ብናኝ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ያኔ ቀስ በሉ። የመስታወት መጥረጊያውን ጎማ ደግሞ ሐምሌ ሳይገባ ቀይሩ። አንድ ቀን ሳትሠሩበት ፀሐይ ሰነጣጥቃው ታገኙታላችሁ።

ለኩት፣ አጠራቅሙት

ቀጥ ያለ ጎን ያለው ጣሳ ግቢ መሃል አስቀምጡ፤ ሲያባራ በማስመሪያ ለኩ። እኔ ደብተር አለኝ። ቀኑን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ እጽፋለሁ። ከጻፍኩ ወዲህ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝናብ ትንሽ አይመስለኝም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት መቶ ሊትር ውሃ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ሁለት መቶ ሊትር በርሜል ሊሞላ ይቀርባል። ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት ውስጥ ከመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ለቤት አገልግሎት ማጠራቀም ከ2017 ጀምሮ በሕግ ተፈቅዷል። አሸንዳው ስር በርሜል አድርጉ። የመጀመሪያው ውሃ የአቧራና የወፍ ኩስ እጣቢ ስለሆነ ይፍሰስ። በርሜሉን ትንኝ እንዳትራባበት በወንፊት መረብ ሸፍኑት። ለመጠጥ አይሆንም። ለተክል ግን እንደሱ የለም። የቧንቧችን ውሃ ማዕድን ይበዛዋል፤ ጀበና ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ነገር አይታችሁታል። በሶብላዬና ቃሪያዬ የዝናብ ውሃ ያገኙ ሳምንት ቅጠላቸው ይለወጣል።

የምንጠጣው ውሃ ከዚህ ዝናብ እንደማይመጣም እወቁ። ዘጠና በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ ሩቅ ተራራ ላይ ከሚቀልጥ በረዶ። ወንዙ ተገድቦ የሚጠራቀምበት ሚድ ሐይቅ ሄዳችሁ ድንጋዩ ላይ ያለውን ነጭ ቀለበት እዩ። ውሃው ቀድሞ እዚያ ድረስ ነበር። በ2022 ሐምሌ ላይ ሐይቁ መጀመሪያ ከሞላ ወዲህ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። የዚያን ሰሞን ወስጄ ለልጄ አሳየኋት፤ እጅ ስትታጠብ ቧንቧ መዝጋት የጀመረችው ከዚያ ነው።

ካባራ በኋላ ከከተማ ውጡ

ብዙ ሰው ሲያባራ ያለቀ ይመስለዋል። የበረሃው ሥራ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። ሬድ ሮክ ከስትሪፑ ግማሽ ሰዓት ቢነዳ ነው። ደህና ዝናብ ከጣለ በማግሥቱ ከቀዩ ድንጋይ ላይ ቀጫጭን ፏፏቴ ይወርዳል። ካሊኮ ታንክስ የሚባለው ቦታ ድንጋዩ ራሱ ገንዳ ሆኖ ውሃ ይይዛል። ድንጋዩን አትውጡበት፤ አሸዋማ ስለሆነ ሲርስ ይላላል፣ ይፈረከሳል።

ኦገስት 20 ቀን 2023 የሂላሪ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ዴዝ ቫሊ የሚባለውን የካሊፎርኒያ በረሃ አገኘው። በዓመት የሚያገኘውን ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደበት፤ 56 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ባድዋተር የሚባለው ከባሕር ጠለል 86 ሜትር ዝቅ ያለ የጨው ሜዳ ሐይቅ ሆነ፤ ለወራትም ቆየ። ከኛ ሁለት ሰዓት ቢነዳ ነው። በማግሥቱ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሄድን። ጫማ አውልቀን ገባን። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ተራራው በሙሉ ግን እግራችን ስር ተገልብጦ ይታያል። እንዲህ ያለ ወሬ ከሰማችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። ይደርቃል።

የበረሃ ኤሊ ካገኛችሁ ግን ትልቅ ዕድል ነው። ይህች ኤሊ በደረቁ ጊዜ መሬቱን በእግሯ ትንሽ ጎድጎድ አድርጋ ትቆፍራለች። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉድጓዷ አጠገብ ሄዳ ትጠብቃለች። ሲሞላላት ትጠጣለች፤ የጠጣችውን ፊኛዋ ውስጥ ይዛ ለወራት ትኖርበታለች። በሕግ የተጠበቀች ስለሆነች መንካት አይፈቀድም። ሕጉ ባይኖርም አትንኳት፤ ስትደነግጥ ትሸናለች፣ ያ ደግሞ ያጠራቀመችው ውሃ ነው።

እኛ አንዴ ብቻ ነው ያየናት። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ካባራ ግማሽ ሰዓት አልሆነም። አንገቷን ዘርግታ ጭቃማው ውሃ ውስጥ አፏን ነክራለች። ልጄ እጄን ጨብጣ "አባዬ፣ እንዳትንቀሳቀስ" አለችኝ በሹክሹክታ። ጠጥታ እስክትጨርስ ቆምን።